ኒኮላ አፔር፦ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ ማቆየትን ለዓለም ያስተማረው ሰው

ካዛንቺስ የሚለው የሠፈር ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። ከዚያው ቋንቋ በአዲስ አበባ ማዕድ ቤቶች የቀረ ሌላ ቃልም አለ፤ ማርማላታ። ዛሬ በካዛንቺስና በቀሩት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሠፈሮች ፍራፍሬ ሲረክስ ማርማላታ፣ ቲማቲም ሲረክስ ድልህ አዘጋጅቶ በጠርሙስ ማሸግ ለቤት ወጪ ቁጠባም ሆነ ለአነስተኛ ገቢ የሚታሰብ ሥራ ሆኗል። ሥራው ግን ከሙቀት፣ ከእንፋሎትና ከዓይን ከተሰወሩ ተሕዋስያን ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ ዕውቀት ይጠይቃል። ይህን ዕውቀት ከምንጩ ለመረዳት የመጀመሪያውን ባለሙያ የፈረንሳዊውን የኒኮላ አፔርን ሕይወት መከተል ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የሕይወት ታሪኩ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የሙያ ጅማሮ

ኒኮላ አፔር ኖቬምበር 17 ቀን 1749 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በሻሎን-ሱር-ማርን ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤት ስለነበር ልጁ ያደገው በማዕድ ቤትና በመጠጥ ማከማቻ መካከል ነው። መጠጥ እንዴት እንደሚጠመቅ፣ ጠርሙስ እንዴት እንደሚደፈን፣ ቡሽ በትክክል ሳይገጥም ሲቀር የተቀመጠው ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ገና በልጅነቱ ተመለከተ። አካባቢው የሻምፓኝ ወይን አገር በመሆኑም ግፊት የሚችል ወፍራም ጠርሙስ ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በኋላ ዓለምን የጠቀመው ሥራ ከዚህ የዕለት ተዕለት ልምድ የተነሣ ነው።

በወጣትነቱ ወደ ጀርመን ምድር ተሻግሮ በዝዋይብሩክን መስፍን ቤተ መንግሥት በማዕድ ቤት ኃላፊነት ለዓመታት አገለገለ። በ1784 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በሎምባር ጎዳና የጣፋጭ ምግቦች መደብር ከፈተ። የጣፋጭ ሙያ ፍራፍሬን በስኳር ማቆየትን የሚጨምር ነበር። አፔር ግን በዘመኑ የታወቁት የማቆያ መንገዶች ሁሉ አንዳንድ ጉድለት እንዳላቸው አስተዋለ። ማድረቅ የምግቡን ጣዕምና ልስላሴ ይለውጣል፤ ጨው ያመርራል፤ ስኳርም የምግቡን የራሱን ጣዕም ይሸፍናል።

ይህ ችግር ለእኛም አዲስ አይደለም። ቋንጣ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ንጥር ቅቤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለመንገድና ለክፉ ቀን ያዘጋጇቸው ስንቆች ናቸው። ሁሉም ውኃን በማስወገድ ወይም በጨውና በቅመም በመርዳት ምግብን ያቆያሉ። አፔር የፈለገው ከዚህ የተለየ ነበር፤ ምግቡ እርጥበቱንና ጣዕሙን እንደያዘ ለወራትና ለዓመታት እንዲቆይ።

አብዮት፣ እስርና አዲስ ጅማሮ

በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ አፔር በሠፈሩ የፖለቲካ እንቅስቃሴ ተሳታፊ ሆነ። ይሁን እንጂ አብዮቱ ራሱን መብላት በጀመረበት በ1794 ተይዞ ታሰረ፤ ብዙዎች ወደ ሞት ከተወሰዱበት ከዚያ ዘመን በሕይወት መውጣቱ ራሱ ዕድል ነበር። ከእስር ከወጣ በኋላ ከፓሪስ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ኢቭሪ ሄዶ ጊዜውን በሙሉ ለሙከራ ሰጠ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መባቻም በማሲ ከተማ ፋብሪካውን አቋቋመ። በዚያ በዙሪያው ባሉት ማሳዎች አተርና ባቄላ ይዘራ ነበር፤ ዓላማውም አትክልቱ በተለቀመበት ዕለት እንዲታሸግ ማድረግ ነው። ጥሬ ዕቃው ትኩስ ካልሆነ ከማሸግ የሚገኘው ጥቅም እንደሚቀንስ ተረድቶ ነበርና።

የአፔር አሠራር

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ምግቡን አፉ ሰፋ ባለ ወፍራም ጠርሙስ ይሞላል፤ እስከ አፉ ጫፍ ግን አይሞላም፤ ምግቡ በሙቀት ሲያብጥ የሚይዘው ክፍት ቦታ ያስቀርለታል። ከዚያም ጥሩ ቡሽ በኃይል ያስገባል፤ ቡሹ በግፊት እንዳይወጣ በሽቦ ያስረዋል። ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ተጋጭተው እንዳይሰበሩ እያንዳንዱን በጨርቅ ከረጢት ያስገባና በውኃ በተሞላ ትልቅ ድስት ውስጥ ያቆማቸዋል። ውኃው ፈልቶ ለምግቡ የተወሰነው ሰዓት ከተሟላ በኋላም ጠርሙሶቹን ወዲያው አያወጣም፤ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ይታገሣል።

እያንዳንዱ እርምጃ በኪሳራ የተገኘ ነው። ቸኩሎ ያወጣው ጠርሙስ በቅዝቃዜ ፈንድቷል፤ እስከ ጫፍ የሞላው ቡሹን ገፍቶ ወጥቷል፤ ጥራት የሌለው ቡሽ አየር አስገብቶ ምግቡን አበላሽቷል። በመሆኑም ለቤት ሥራ ዛሬም የሚሰጡት ምክሮች ከአፔር ድስት አጠገብ የተማሩ ናቸው ለማለት ይቻላል። ትኩስ ምግብ በሞቀ ጠርሙስ እንጂ በቀዘቀዘ አይሞላም። ጠርሙስ በድስቱ ወለል ላይ በቀጥታ አይቆምም፤ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት ወይም ንጹሕ ጨርቅ ይደረጋል። የተሰነጠቀ ወይም አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ ይጣላል። የሚያሽግ የጎማ ንብር ያለው ስስ ክዳን ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ከድስቱ የወጣ ጠርሙስም በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ሳይሆን በወፍራም ጨርቅ ላይ፣ ነፋስ ከማይመታው ቦታ ይቀመጣል።

ሽልማት፣ መጽሐፍና ግልጽነት

በ1803 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል የአፔርን ምግቦች በብረስት ወደብ ለወራት አስቀምጦ ፈተናቸው። መረቁ፣ ባቄላውና አተሩ ሳይበላሹ ተገኙ። በዚያ ዘመን መርከበኞች ለወራት በደረቀና በጨው በተያዘ ምግብ ሲኖሩ በበሽታ ይረግፉ ስለነበር ውጤቱ የብዙ ሰዎችን ሕይወት የሚነካ ነበር።

የፈረንሳይ መንግሥት ለአፔር 12,000 ፍራንክ ለመስጠት የወሰነው አንድ ግዴታ አስቀምጦ ነው፤ አሠራሩን ምንም ሳይደብቅ በመጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ ያቅርብ የሚል። አፔር ግዴታውን ተቀበለ። በ1810 የታተመው መጽሐፉ የምግቦቹን ዓይነት፣ አዘገጃጀታቸውንና ድስት ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ በዝርዝር ያስረዳል። በሕግ የተጠበቀ የፈጠራ መብት ይዞ ሀብት ማከማቸት ይችል ነበር፤ ዕውቀቱን ለሁሉም መስጠትን መረጠ። በዚያው በ1810 በእንግሊዝ ፒተር ዱራንድ የተባለ ነጋዴ በቆርቆሮ ዕቃ ለማሸግ የሚያስችል የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያች አገር የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ትርፉ ወደ ሌሎች ኪስ ገባ።

አፔር አሠራሩን ያውቅ እንጂ ምክንያቱን አያውቅም ነበር። የዘመኑ ታላቅ ኬሚስት ጌ-ሉሳክ ምግቡ የማይበላሸው በጠርሙሱ ያለው የአየር ኦክስጅን በመወገዱ ነው ብሎ አስረዳ። እውነተኛውን ምክንያት ሉዊ ፓስተር ያረጋገጠው አፔር ከሞተ በኋላ፣ በ1860ዎቹ አካባቢ ነው፤ ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ሲሆኑ ሙቀት ይገድላቸዋል፣ ጥብቅ ክዳን ደግሞ አዳዲሶቹ እንዳይገቡ ይከለክላል።

ጥፋትና የእርጅና ዘመን

በ1814 እና በ1815 የናፖሊዮን ጦርነቶች ሲያከትሙ ወደ ፈረንሳይ የገቡት የጠላት ወታደሮች የማሲን ፋብሪካ አወደሙ። አፔር ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሁሉንም ከመነሻው ጀመረ። በፓሪስ መንግሥት በሰጠው ቦታ ሥራውን ቀጠለ፤ ከጠርሙስ ወደ ቆርቆሮ ተሸጋገረ፤ ከአጥንት ጄላቲን ማውጣትንም አሻሻለ። በ1822 የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ማበረታቻ ማኅበር የሰው ልጅ ባለውለታ የሚል የክብር ስም ሰጠው። ክብሩ ግን ዕዳውን አልከፈለለትም።

ለዛሬው አንባቢ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ በዚህ የእርጅና ዘመኑ የተማረው ነው። ሥጋና ትላልቅ ዕቃዎች ሲታሸጉ የፈላ ውኃ ብቻ ሁልጊዜ አስተማማኝ አልነበረም። ስለዚህ አፔር ወደ አሮጌ ፈጠራ ዞረ። ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 ለንደን ውስጥ ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ፣ እንፋሎትን አምቆ ሙቀቱን ከተራ የፈላ ውኃ በላይ የሚያደርስ ድስት አሳይቶ ነበር። ድስቱ እንዳይፈነዳም ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣ የደኅንነት ቫልቭ አበጀለት። አፔር ይህን ዓይነቱን ድስት ለማሸግ ሥራ ተጠቀመበት፤ በ1850ዎቹም በስሙ የሚጠራው ድርጅት ወራሽ የግፊት መለኪያ ሰዓት ጨመረበት።

አፔር ጁን 1 ቀን 1841 በ91 ዓመቱ በማሲ አረፈ። ገንዘብ ስላልነበረው በድሆች የጋራ መቃብር ተቀበረ።

የማሲ ድስትና የካዛንቺስ ድስት

አሁን ከአፔር ማዕድ ቤት ወደ ራሳችን እንመለስ። ማሲ ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ ሜዳ ላይ የምትገኝ ስትሆን በዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ለመብሰል የሚዘገዩት በዚሁ ምክንያት ነው። እሳቱን መጨመር ውኃውን በፍጥነት ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ በቆላ ወይም በሌላ አገር ለተጻፈ መመሪያ የተቀመጠው ሰዓት ለቂርቆስ ማዕድ ቤት አይበቃም።

አደጋው ከጣዕም መበላሸት ያለፈ ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ የሚኖር ሲሆን ዘሩ የፈላ ውኃን ለረጅም ሰዓት ይቋቋማል። አየር በሌለበትና አሲድነቱ ዝቅተኛ በሆነ የታሸገ ምግብ ውስጥ ሲያድግ ቦቱሊዝም የተባለውን፣ ነርቭን የሚያሽመደምድና ለሞት የሚያደርስ በሽታ የሚያስከትል መርዝ ያመነጫል። ባክቴሪያውን ቤልጂየማዊው ኤሚል ቫን ኤርመንገም ለዓለም ያስታወቀው በ1897 ነው። መርዙ ያለበት ምግብ ሽታውም ሆነ መልኩ ላይለወጥ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ዜጎች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ ይመከራል።

በመጀመሪያ ምግቡን ለዩ። ማርማላታና አብዛኛው ፍራፍሬ አሲድ ያለው በመሆኑ በፈላ ውኃ ሊታሸግ ይችላል፤ ሰዓቱ ግን ለከፍታው ይጨመራል። በባሕር ወለል 5 ደቂቃ የሚበቃው ማርማላታ ከ1,800 ሜትር በላይ 15 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ተፈጭቶ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ የታሸገ ቲማቲም በዝቅተኛ ቦታ 35 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን በእኛ ከፍታ 50 ደቂቃ ይደርሳል። የቲማቲም አሲድነት እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበታል።

ሥጋ፣ መረቅ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ካሮትና የመሳሰሉት ግን አሲዳቸው ዝቅተኛ በመሆኑ በተራ ድስት ፈጽሞ ሊታሸጉ አይገባም። ለእነዚህ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ የማሸጊያ ድስት ያስፈልጋል። በየቤቱ ለሥጋና ለጥራጥሬ ማብሰያ የምንጠቀምበት አነስተኛው ፕሬዠር ኩከር ይህን አይተካም፤ በፍጥነት ሞቆ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ በጠርሙሱ መካከል ያለው ምግብ የሚፈለገውን ሙቀት ለሚበቃው ጊዜ ላያገኝ ይችላል። የማሸጊያ ድስት የሌለው ቤተሰብ እነዚህን ምግቦች በማቀዝቀዣ ቢያስቀምጥ ወይም እንደ ቆየው ባህላችን ቢያደርቅ የተሻለ ነው።

የማሸጊያ ድስት ያለው ሰው ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የእንፋሎት መውጫው አለመደፈኑን፣ የክዳኑ ጎማ አለመሰነጣጠቁንና የደኅንነት ቫልቩ መሥራቱን ይመልከት። ድስቱ ሲፈላ እንፋሎቱ ለ10 ደቂቃ በነጻ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ ብቻ መውጫው ይዘጋል፤ ውስጥ የቀረ አየር ሙቀቱን ይቀንሳልና። ክብደት ያለው መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ድስት በአዲስ አበባ በ15 ፓውንድ ግፊት ይሠራል። ባለ ሰዓት መለኪያው በ14 ፓውንድ፣ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆኑ ሠፈሮች ደግሞ በ15 ፓውንድ ይሠራል። መለኪያውም በየዓመቱ ትክክለኛነቱ መረጋገጥ አለበት።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በዚህ ሥራ ልዩ ትኩረት ይሻል። ግፊቱ ከተወሰነው በታች ከወረደ ያለፉት ደቂቃዎች አይቆጠሩም፤ ኃይሉ ሲመለስ ግፊቱ ዳግም ተሟልቶ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀመራል። ግማሹ ደርሶ ነበር ብሎ ማቋረጥ ጠርሙሱን ለመርዝ ማሳደጊያ መተው ነው። ከሰልን እንደ አማራጭ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድም የራሱ የሆነ የመታፈን አደጋ አለው።

ለሠራተኛው ምቾትም ቦታ ይሰጠው። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ማዕድ ቤት ጠርሙስ የሞላ ድስት አንሥቶ መዞር ለወገብም ለቃጠሎም ያጋልጣል። ድስቱ ባዶውን ምድጃ ላይ ይቀመጥ፤ ውኃውና ጠርሙሶቹ እዚያው ይጨመሩ። ምድጃው በወገብ ከፍታ ቢሆን፣ መስኮት ቢከፈት፣ ሕፃናት ቢርቁ፣ የቀረው ሥራም ተቀምጦ ቢከናወን ድካም ይቀንሳል። ድካም ሲቀንስ ስሕተትም ይቀንሳል። ሰዓቱ ሲሞላ እሳቱ ይጥፋ፤ ክዳኑን በኃይል ለመክፈት ወይም ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሶ ግፊቱን ለማውረድ መሞከር ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። ግፊቱ በራሱ ዜሮ እስኪደርስ መታገሥ፣ ክዳኑንም እንፋሎቱ ከፊት በሚርቅበት አቅጣጫ ማንሣት ይገባል። አፔርም ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ ነበር።

ጠርሙሱ ላይ የምግቡ ስምና የታሸገበት ቀን ይጻፍ። ክዳኑ ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ ሲከፈት አረፋ የሚተፋ ምግብ አይቀመስም፤ ሰውም እንስሳም በማያገኘው መንገድ ይወገዳል። በትክክል የታሸገ አሲድ አልባ ምግብም ቢሆን ከመበላቱ በፊት በእኛ ከፍታ ለ18 ደቂቃ ያህል ቢፈላ ተጨማሪ ጥንቃቄ ነው። ከታሸገ ምግብ በኋላ የዓይን ብዥታ፣ የመናገር ወይም የመዋጥ ችግር የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የበላውንም ለሐኪሙ ይንገር።

ምርታቸውን ለገበያ ለማቅረብ ያሰቡ ዜጎች ሥራው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመራ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። ስለሆነም ማምረት ከመጀመራቸው በፊት ስለ ብቃት ማረጋገጫና ስለ ንግድ ፈቃድ በየክፍለ ከተማቸው የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ቀርበው እንዲጠይቁ ይመከራል።

ኒኮላ አፔር ሀብት ሳያፈራ፣ የሥራውን ምሥጢር ሳይረዳ፣ መቃብሩ እንኳ ሳይለይ አለፈ። አንድ ነገር ግን በትክክል ጠብቋል፤ ያወቀውን አልደበቀም፣ በቂ አለመሆኑን ሲረዳም አሠራሩን ለማሻሻል አላፈረም። ከ2,300 ሜትር በላይ የምንኖር እኛ የእርሱን የመጀመሪያ ድስት ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውንም ልንማር ይገባል።